ጥርስሽን ከማስሞረድሽ በፊት

ልጄ፣ ጥር ሳይገባ የላይኞቹን የፊት ጥርሶችሽን በፖርስሊን ለማስለበጥ መገናኛ አካባቢ ቀጠሮ መያዝሽን ሰማሁ። የሠርጉ ፎቶ እንጦጦ ፓርክ እንደሚነሣም እናትሽ ነግራኛለች። ደስታሽ ደስታዬ ነው፤ እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለነው ዘመዶችሽ ሁሉ ዳስ የሚጣልበትን ቀን እየቆጠርን ነው። "እቴቴ፣ እስቲ ምን ይላሉ?" ብለሽ ከጠየቅሽኝ ግን ዝም ማለት አይገባኝም። "መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ" ይባላል፤ ሙሽራም በሰሞኗ ንግሥት ናትና መካር አይጥፋባት።

ዋናውን ላስቀድም። ሰው ለመልኩ ብሎ ከሚያደርገው ነገር የሚመለስ አለ፣ የማይመለስም አለ። ሹሩባ ይፈታል፤ እንሶስላ ይለቃል፤ የተቆረጠ ፀጉር ያድጋል። የተሞረደ ጥርስ ግን አይበቅልም። ጥርስ የሚሰጠን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በልጅነት 20፣ በአዋቂነት 32። የመጀመሪያዎቹን ጣራ ላይ እየወረወርሽ ጨርሰሻቸዋል፤ ሦስተኛ ዙር የለም። "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" የሚባለው እንዲህ ላለው ሀብት ነው። ኢናሜል የሚሉት የጥርስ የላይኛው ልባስ በሰው ገላ ካለው ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ከአጥንትም ይበልጣል። ሆኖም አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፣ ኢናሜል ግን አንዴ ከሄደ አይተካም። እሱን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ብቅ ከማለቱ ጋር ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጥርስ ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁና የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። ከዚያ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠች ቀጭን መሞረጃ ውሃ እየተረጨባት ትሽከረከራለች። አምፖሉ ሥር ያብረቀርቅ የነበረው የጥርሱ ገጽ ይደበዝዛል፣ የኖራ መልክ ይይዛል፤ ወርዱ ይቀንሳል፤ ተጠጋግተው የነበሩት ጥርሶች መካከል ብርሃን ይገባል። ቪኒየር ለሚባለው ለዚህ ስስ ልባጥ፣ በደንብ ሲሠራ፣ የሚሞረደው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሚለጠፈውም ፖርስሊን እንደ ጥፍር የሳሳ ነው። ልክ ተወስዶ ወደ ላብራቶሪ ይላካል፤ እስኪመለስ ጊዜያዊ ሽፋን ይደረጋል። በቀጠሮው ቀን ጥርሱ በአሲድ ጄል ይሻከራል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ፖርስሊኑ ተለጥፎ ማጣበቂያው በሰማያዊ መብራት ይጠነክራል። መስተዋት ሲሰጣቸው በደስታ ያለቀሱ ልጆች አይቻለሁ፤ ያን ደስታ አላጣጥልም። ነገር ግን ከሥር የቀረው ጥርስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያለ ሽፋን መኖር አይችልም። ሽፋኑ በወደቀ፣ በተሰነጠቀ ወይም ዳሩ በበሰበሰ ቁጥር ሌላ ማሠራት ግዴታ ይሆናል።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1928 ሎስ አንጀለስ ላይ ቻርልስ ፒንከስ የሚባል የጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋንያን ስስ ሽፋን ይሠራላቸው ነበር። ያን ጊዜ የሚይዘው በማጣበቂያ ዱቄት ነበርና ተዋናዩ ቀረጻው ሲያልቅ አውልቆ በገዛ ጥርሱ እራቱን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቦኖኮር የተባለ ተመራማሪ ኢናሜልን በአሲድ ማሻከር ማጣበቂያውን አጥብቆ እንደሚያስይዝ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ሽፋኑ ከሰው ጋር ውሎ የሚያድር ሆነ። ለካሜራ ተብሎ የተፈለሰፈ ነገር ዕድሜ ልክ አብሮ መኖሪያ ሲሆን፣ የሚለብሰው ሰው ሐሳቡን በዕድሜ ልክ መለካት አለበት።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ፤ ከምነግርሽ ሁሉ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነው። ቪኒየርና ክራውን አንድ አይደሉም። ቪኒየር የጥርሱን ፊት ብቻ ይሸፍናል። ክራውን ዙሪያውን ስለሚያለብስ ጥርሱ ከአራቱም ጎን ተሞርዶ ጉቶ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤዴልሆፍና ሶረንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን በሚዛን ለክተውት ነበር። ከድድ በላይ ካለው የጥርስ አካል ለቪኒየር የሚነሣው እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 30 በመቶ ሲሆን፣ ለሙሉ ክራውን የሚነሣው ከ63 እስከ 72 በመቶ ነው። ክራውን ለተሰበረ ወይም ግማሹ ለበሰበሰ ጥርስ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጥርስ አትርፏል። በጤነኛ ጥርስ ላይ ለውበት ሲሠራ ግን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚያሰኝ ነው። ጥርሱ ይህን ያህል ሲሞረድ ውስጡ ያለው ነርቭ ሊቆጣ ይችላል፤ የአንዳንዱ ከወራት፣ የአንዳንዱ ከዓመታት በኋላ ይሞታል። ያኔ ለውበት የገባሽ ልጅ ሩት ካናል ለሚሉት የጥርስ ነርቭ ሕክምና ትመለሻለሽ፤ ብሎም ለማስነቀል።

በእንግሊዝ አገር "የቱርክ ጥርስ" የሚል ስም የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ወጣቶች በርካሽ ለማሠራት ወደ ቱርክ በረሩ፤ ቪኒየር የሚሠራላቸው መስሏቸው ሾሎ የቀረ ጥርሳቸውን በስልክ ፎቶ አንሥተው ሲያዩት ደነገጡ። የእንግሊዝ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ከእኛም ልጆች ለዚሁ ጉዳይ ኢስታንቡል ደርሰው የሚመጡ አሉ። እዚህም ሆነ እዚያ፣ ስሙን ተዪና አሠራሩን ጠይቂ፤ "ከፊቱ ብቻ ነው ወይስ ዙሪያውን? ስንት ሚሊሜትር? ከኢናሜሉ አልፎ ውስጠኛውን ክፍል ይነካል ወይ?" ብለሽ። ቁርጡን የማይነግርሽ ሐኪም ዘንድ አፍሽን አትክፈቺ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይሏልና።

ድዴን ታውቂዋለሽ። በልጅነትሽ ጉልበቴ ላይ ተቀምጠሽ በጣትሽ እየነካሽ "ይሄ ለምን ጠቆረ?" ትዪኝ ነበር። ንቅሳት ነው። ወሎ ሳለን ነቃሿ መንደር ለመንደር እየዞረች ትነቅስ ነበር። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት ታዘጋጃለች፤ መርፌዋን ወይም እሾኋን ይዛ የላይኛውን ድድ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ታደማዋለች፤ ጥላሸቱን በጣቷ ታሽበታለች። ለቀናት ያብጣል፤ ከአጥሚት በቀር የሚዋጥ ነገር የለም። ሲሽር ድዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆንና ጥርሱን ነጭ አድርጎ ያሳየዋል። ያች መርፌ ስንት ሰው አፍ ገብታ እንደወጣች የጠየቀ አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

በንቅሳቴ አላፍርም፤ የእናቶቼ ማዕረግ ነው። ላሳይሽ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ይህ ውበት ያረጃል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወደ ከተማ ስንገባ የወርቅ ጥርስ ደረሰ፤ ደኅና ጥርሱን ወርቅ አስለብጦ በሳቅ ሰበብ የሚያሳይ ሰው ሞላ። አንገታቸውን የተነቀሱ እኩዮቼ በነጠላ መሸፈን ጀመሩ፤ ዛሬ በሌዘር ለማስጠፋት ደጅ የሚጠኑ አሉ። ንቅሳት፣ ወርቅ፣ አሁን ደግሞ ድፍን ነጭ ፖርስሊን፤ ሦስቱም በእኔ አንድ ዕድሜ ውስጥ ተፈራርቀዋል። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ዛሬ በስልክሽ የምታዪው ጥርስ ልጆችሽ ለወግ ሲደርሱ እንደ እኔ ድድ ጥያቄ የሚያስነሣ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የእኔ ጥርስ ከንቅሳቱ ሥር እንዳለ መሆኑ ነው።

ፍንጭትሽንም ለመድፈን አስበሻል አሉ። ውሳኔው የአንቺ ነው፤ ግን እኔ አክስትሽ ሳልናገር አላልፍም። ይህች ፍንጭት የአያትሽ ናት፣ የአባትሽም ናት። በአገራችን ስንት ዘፋኝ ያሞገሳትን ፍንጭት ሌላ አገር "ጉድለት" ስላላት ብቻ ልትደፈን ነው። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ማለት ይኸው ነው። ፍንጭቱ የመጣው ድድ ታሞ ጥርሱ ስለተንቀሳቀሰ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ፈጥኖ መታከም አለበት። አብሮሽ የተወለደ ከሆነ ግን በሽታ አይደለም። ለመዝጋት ቆርጠሽ ከተነሣሽም ሳይሞረድ ኮምፖዚት በሚሉት የጥርስ መሙያ የሚዘጋበት መንገድ አለ። ብሬስ ማሳሰርም ሌላው መንገድ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ጥርሱ ግን አይሞረድም። ከተፈታ በኋላ ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ መያዣውን ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህን ችላ ብለው ገንዘባቸውን የከሰሩ ብዙ ናቸው።

የውበት ሕክምና ሁሉ ፋሽን ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይና ሐዋሳ አካባቢ ያደጉ ልጆችን አስቢ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ስለሚውል ፍሎራይዱ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ እዚያ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ልጅ እስከ 8 ዓመቱ ጥርሱ በመንጋጋው ውስጥ እየተሠራ ነውና ይህን ውሃ ሲጠጣ ኢናሜሉ ተበላሽቶ ይወጣል፤ መጀመሪያ ነጭ ጭረት፣ ሲብስ ቡናማ፣ ከዚያም ቦርቦር ያለ። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ እንደታየው፣ መጠኑ በዝቶ ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንትንም ያጎብጣል። እኛ የካ የምንኖረው በአብዛኛው ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣ የዝናብና የወንዝ ውሃ ስለምንጠጣ ይህን ችግር አናውቀውም። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" የሚለው አባባል እዚያ ቃል በቃል ይሠራል።

እነዚህ ልጆች ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ለሥራ ፈተና ቀርበው ከንፈራቸውን ገጥመው የሚመልሱ አሉ፤ አጫሽ ወይም ጥርሱን የማይፋቅ አድርጎ የሚቆጥራቸውም አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሕክምናው ቅንጦት ነው የሚለኝን አልሰማውም። ለእነሱም ቢሆን የሚጀመረው ከሞረዳ አይደለም። ደኅና ሐኪም መጀመሪያ የላይኛውን የቀለመ ገጽ በአሲድና በደቃቅ ዱቄት በስሱ ይፈገፍገዋል፤ ቀጥሎ ያስነጣዋል፤ ያልለቀቀውን በኮምፖዚት ይሸፍነዋል። ቪኒየር የሚመጣው ጉድጓዱ ጥልቅ ሆኖ ይህ ሁሉ ሲያቅት ነው። በልጅነታቸው ቴትራሳይክሊን የሚባል መድኃኒት ተሰጥቷቸው ጥርሳቸው ለግራጫነት የተዳረገባቸውም እንዲሁ ናቸው፤ የእነሱ ማስነጣት ወራት ይወስዳል እንጂ ከናካቴው አይሆንም ማለት አይደለም።

እንግዲህ የእነሱ መንገድ እንዲህ በደረጃ ከሆነ፣ የአንቺ ጥርስ በቡናና በሻይ ብቻ የወየበው ለምን ከመጨረሻው ደረጃ ይጀምራል? መጀመሪያ ታጥቦ ይታይ። በድድና በጥርስ መካከል የተጋገረው ቆሻሻ ሲነሣ ብቻ "ይሄ ነበር እንዴ ቀለሙ!" ያሉ ስንትና ስንት ሰዎች አስታውሳለሁ። ድድሽ ሲፋቅ የሚደማ ከሆነ እሱ ይታከም፤ የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ይሞላ። በሚደማ ድድ ላይ የተለጠፈ ፖርስሊን ዳሩ ቶሎ ይጠቁራል፣ አፍም ይሸታል። ሌሊት ጥርስ የምታፋጪ ከሆነም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም"፤ የሚያፋጭ ሰው ፖርስሊኑን ይሰብረዋል።

ከዚያ በኋላ ነጭ ካማረሽ ማስነጣት አለልሽ። ለጥርስሽ ልክ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ጄል አድርጎ ሌሊት ሌሊት ለሁለት ሳምንት ያህል መልበስ፣ በዓለም ላይ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈተነ ዘዴ ነው። ጥርስ ሊጠዘጥዝ ይችላል፤ ሲያቆሙት ይተዋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ቢያቆዩት ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት ከ6 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን ማስነጫ የከለከለው፣ ከ0.1 በመቶ በላይ ያለውንም በጥርስ ሐኪም በኩል ካልሆነ እንዳይሰጥ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለም እንዳይደረግ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ወይም በስልክ የሚሸጠውን ስም የለሽ ጄል አትንኪ። ሎሚና ጨውም ተዪ፤ የሎሚ አሲድ ኢናሜሉን ያሟሟዋል፤ ለጊዜው የነጣ መስሎ ከሥር ያለው ቢጫ ቀለም ጎልቶ ይወጣል። ከሰል ይፈገፍጋል እንጂ አያነጣም። የወይራ መፋቂያ እንኳ ጫፉ እስኪለሰልስ ታኝኮ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ቀስ ተብሎ ከተፋቁበት ከነዚህ ሁሉ ይሻላል።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልበልሽ። ሐኪሞች ጥርስ የሚያነጻጽሩበት ቪታ የሚባል ሰሌዳ አለ፤ በላዩ 16 የተፈጥሮ የጥርስ ቀለሞች ተደርድረዋል። ወደ መስኮት ተጠግተሽ፣ ከንፈርሽን ከቀለም አጥበሽ፣ በቀን ብርሃን አስለኪው። ከ16ቱ ውጭ የሆነው ድፍን ነጭ የተፈጥሮ ጥርስ አይደለም፤ ከጠይም ፊት ላይ ቀድሞ ይታያል፣ ሰውም ሲያወራሽ ዓይንሽን ትቶ ጥርስሽን ያያል። ከዓይንሽ ነጭ የበለጠ አይንጣ፤ የድሮ ሐኪሞች መለኪያ ይህ ነበር። ማስነጣቱም ከማንኛውም ልጥፍ በፊት ይሁን፤ ፖርስሊንና ኮምፖዚት በኋላ አይነጡምና። ካስነጣሽ በኋላ የሚለጠፍ ነገር ካለ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ አለዚያ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም።

ይህን ሁሉ አልፈሽ አሁንም ቪኒየር ካልሽ፣ ሳይሞረድ ይሞከርልሽ። የሚሠራው ቅርጽ በፕላስቲክ ተቀርጾ በጥርስሽ ላይ ለጊዜው ይደረጋል። "ሰ" እና "ፈ" ያለባቸውን ቃላት ተናገሪበት፤ ሳቂበት፤ ለባልሽም ለእናትሽም አሳዪያቸው። ካልወደድሽው ተነቅሎ ይጣላል፣ ጥርስሽ እንዳለ ነው። ይህን ሙከራ "አያስፈልግም" የሚልሽ ቦታ ከሆነ ነጠላሽን አንሥተሽ ውጪ። ራጅ ሳያነሣ ለሞረዳ ወንበሩን የሚያስተኛም እንዲሁ። የሚሠራው ሰው የጥርስ ሐኪም ነው ወይስ ቴራፒስት ወይስ ልክ የሚሠራ ቴክኒሻን? ሁሉም የተከበረ ሙያ አላቸው፤ ጥርስ ሞርዶ መለበጥ ግን የሐኪሙ ሥራ ነው። የሙያ ፈቃዱን ማየት መብትሽ ነው፤ ክሊኒኩም ከአዲስ አበባ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠውን የዘንድሮ ፈቃድ ግድግዳው ላይ መስቀል አለበት። መሣሪያው ከታሸገበት ከረጢት በፊትሽ ይከፈት። ጉዳትና ጥቅሙን አስረድቶ ፈቃድሽን ማግኘትም የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ከዚያ ራጁንና ፎቶውን ተቀብለሽ፣ የማይሠራልሽ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂጂና "እህትዎ ብሆን ያሠሩኝ ነበር?" ብለሽ ጠይቂው። "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።"

ገንዘቡን ከባልሽ ጋር አንድ ላይ ሆናችሁ አስሉት። ሐኪም የሚነግርሽ የመጀመሪያውን ዋጋ ነው። ደኅና ፖርስሊን ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ኮምፖዚት ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል ይባላል። በ25 ዓመትሽ ያስለበጥሽው በ40 አካባቢ፣ ቀጥሎ በ55፣ ከዚያም በ70 ይለወጣል፤ በለወጥሽ ቁጥርም ከጥርሱ ትንሽ ይነሣል። ፖርስሊኑም ማጣበቂያውም በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ወዴት እንደሄደ አንቺም ታዪዋለሽ። የሠርግ ስጦታ ይከፍለዋል ብለሽ የምትጀምሪው ወጪ አይደለም፤ ጤነኛ ጥርስ ላይ ሲሆን ደግሞ በትክክል "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ነው። ቆሎ መቆርጠም፣ ከሾላ ገበያ የመጣ ሸንኮራ በፊት ጥርስ መላጥ፣ የጠርሙስ ክዳን መንከስም ከዚያ ወዲያ ቀረ በይ።

ደግሞ ችኮላው። ከዋሽንግተን ለዕረፍት መጥተው በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥርሳቸውን በሙሉ አሠርተው ሊመለሱ ዲያስፖራ አደባባይ ዙሪያ ክሊኒክ ለክሊኒክ የሚዞሩ የወገን ልጆች አሉ። እውነት ነው፣ እዚያ ዋጋው አይቀመስም። ግን ከተመለሱ በኋላ አንዱ ቢወድቅ የሚያነሣው ማን ነው? እዚያ ያለ ሐኪም የሌላውን ሥራ ለመንካት አይደፍርም፣ ቢደፍርም ዋጋው መጀመሪያ የሸሹት ነው። አንቺም ከሠርጉ በፊት የቀሩሽ ሳምንታት ናቸው። ጊዜያዊው ሽፋን ሊወድቅ፣ ድዱ ሊያብጥ፣ ከላብራቶሪ የመጣው አልገጥም ሊል ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ በደኅና ሐኪም እጅም ያጋጥማሉ። ጊዜ ያለው ሰው ያስተካክላል፤ በማግስቱ ሙሽራ የምትሆን ልጅ ግን የቀረበላትን ትቀበላለች። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

ስለዚህ የያዝሽውን ቀጠሮ አትሰርዢው፤ ለመታጠብ፣ ለራጅና ለምርመራ ተጠቀሚበት። ሐኪሙ ከፈቀደ ማስነጣቱንም አሁኑኑ ጀምሪና ለእንጦጦው ፎቶ ይደርስልሻል። ሞረዳውን ግን ከመልሱና ከቅልቅሉ በኋላ፣ ፋሲካም ካለፈ በኋላ፣ ሁለተኛው ሐኪም የሚለውን ሰምተሽ ወስኚ። እሱ ዘንድ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ። ደውይልኝ፤ አብሬሽ እመጣለሁ።